መልስ፦ የሌሎችን ዘፈን ስለሚጫወት ባንድ
ውድ ጠያቂ፣ በመጠጥ ቤትና በሠርግ የሌሎችን ዘፈን ብቻ መጫወታችሁ ያሳፍር እንደሆነና የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል እንዴት ሊሆን እንደሚገባ ጠይቀዋል። የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም፤ ታዋቂው የኢትዮ-ጃዝ ቡድን ዋልያስ ባንድም ለዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ለምሽት ታዳሚ ተጫውቷል። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ክራር ካላችሁ፣ ከትዝታ ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት በተሻገራችሁ ቁጥር ክሩን እንደገና መቃኘት ስለሚያስፈልግና ታዳሚውም በዚያ ዝምታ መሀል ወደ ወሬው ስለሚመለስ፣ በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች አከታትላችሁ ብትጫወቱ ይሻላል። በሠርግ ላይ ምግብ እስኪነሣ ድረስ ለስለስ ያሉትን አስቀድሙ፤ ጉራጊኛውን ከዚያ በፊት አትጀምሩት (እኛ አንድ ጊዜ ቸኩለን ጀምረን፣ ሚዜዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ሲጨፍሩ የያዙት ወጥ ምንጣፉ ላይ ፈሷል)። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን በይፋ የማስከወን (በሕዝብ ፊት የማጫወት) መብት የሥራው አመንጪ፣ ማለትም የደራሲው፣ በመሆኑ፣ የፈቃዱን ጉዳይ ከመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።