ማስረጃው አለ፣ አቋሙ የት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ የምጽፈው አርጊውመንታቲቭ ኤሴይ (የሙግት ጽሑፍ) የሰዋስው ስሕተት ብዙም የለበትም፤ መምህሬ ግን ኅዳጉ ላይ «ሶ ዋት?» (ታዲያ ምን ይሁን?) እያሉ ይመልሱልኛል። ያለፈው የ500 ቃል ጽሑፌ «ለአቴንዳንስ ነጥብ መሰጠት አለበት ወይ?» የሚል ነበር። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ዘርዝሬ መጨረሻ ላይ የራሴን ብሰጥም ውጤቴ ዝቅ አለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ «መጨረሻ ላይ የራሴን» ያሉት ላይ ነው ነገሩ። በአማርኛ ጉዳዩን አብስሎ፣ አንባቢን አዋዝቶ መጨረሻ ላይ ፍርድ መስጠት ያምራል፤ ግሳችንም ቢሆን የሚመጣው ማሰሪያው ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ኤሴይ አንባቢ ግን ከመግቢያው ሳይወጣ አቋምዎን ማወቅ ይፈልጋል። አቋሙን የሚይዘው ዓረፍተ ነገር ቴሲስ ስቴትመንት ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ የመግቢያው መዝጊያ ነው። «ይህ ጽሑፍ ስለ አቴንዳንስ ይወያያል» ቴሲስ አይሆንም፤ ማን ይቃወመዋል? «ለአቴንዳንስ ነጥብ መሰጠት የለበትም፤ የሚለካው ወንበር ላይ መቀመጥን እንጂ መማርን አይደለምና» ቢሉ ግን ቴሲስ ነው። አንድ አስተዋይ ሰው «አልስማማም» ሊልዎት ካልቻለ እንደገና ይጻፉት።

ወደ «ሶ ዋት?» እንምጣ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ሥራ ሙግትን በክፍል በክፍል ለይቶ አሳይቷል። ሦስቱ እዚህ ይበቁናል፦ አቋሙ (ክሌም)፣ ማስረጃው (ዳታ)፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ (ዋራንት)። ጀማሪ ጸሐፊ የሚረሳው ድልድዩን ነው። «አንዳንድ ተማሪዎች ክፍል ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ» ብሎ ወደ ሚቀጥለው አንቀጽ ይሻገራል። መምህርዎ የሚጠብቁት የሚከተለውን ነው፦ «መቀመጡ ብቻውን ዕውቀት ካላመጣ፣ ለመቀመጥ የሚሰጥ ነጥብ ያልተማረውንም የተማረ ያስመስለዋል»። ከእያንዳንዱ ማስረጃ በኋላ እንዲህ ያለ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስገቡ።

500 ቃል ጠባብ ቦታ ነው። ለመግቢያ 70 ያህል፣ ለሁለት ዋና አንቀጾች 120፣ 120፣ ለተቃራኒ ሐሳብና ለምላሹ 120፣ ለመደምደሚያ 60 ቢመድቡ ይበቃል። አምስት ምክንያት ከማጨቅ ሁለቱን ማብሰል ይሻላል። ተቃራኒውን ሲያነሡ ደካማውን መርጠው አይጣሉ፤ ጠንካራውን ያምጡ። «የአቴንዳንስ ነጥብ ከሌለ ገና ያልለመዱ ተማሪዎች ከክፍል ይርቃሉ» የሚለው እውነት አለበት። ያንን ይቀበሉና፣ በየሳምንቱ የሚሰጥ አጭር ፈተና ተማሪውን ክፍል እያመጣ መማሩንም እንደሚለካ ያሳዩ። የተቀበሉት ነገር አቋምዎን ካፈረሰው ግን ቴሲሱን ነው ማረም ያለብዎት።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ጽፌ ወደ እንግሊዝኛ ብተረጉመው ችግር አለው?

መልስ፦ ሐሳቡን በአማርኛ ይንደፉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ይጻፉ። «ተማሪው ፈርሞ፣ መምህሩ ነጥብ ሞልቶ፣ ማንም ሳይማር ሰዓቱ ያልቃል» በአማርኛ ሸጋ ነው። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ሙሉ ግስ ይዞ ይመጣና፣ በኮማ ብቻ ሲያያዝ ስሕተት ይሆናል። ነጥብ ያድርጉ ወይም በ«ኤንድ» («እና») ያገናኙት።

«ምንም እንኳ… ቢሆንም… ግን» ብለን ስለለመድን «ኦልዞው» የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ «በት» እናስገባለን፤ አንዱ ይበቃል። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንደዚያው። «ሀውኤቨር» ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ሲለይ ከፊቱ ኮማ አይበቃውም፤ ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ይፈልጋል። (በየአንቀጹ መክፈቻ «ሞርኦቨር»፣ «ፈርዘርሞር» መደርደርም ሙግት አያጠነክርም፤ ያደክመዋል እንጂ።)

ስለ ቃና ባጭሩ፦ «ዶንት» ሳይሆን «ዱ ኖት»። «ኤቭሪባዲ ኖውስ» ይቅር። ማስረጃዎ የተወሰነ ከሆነ «ፕሩቭስ» (ያረጋግጣል) ከማለት «ሰጀስትስ» (ይጠቁማል) ይበሉ። «አይ» («እኔ») መጠቀም በአንዳንድ ትምህርት ዘርፎች ይፈቀዳል፣ በሌሎች አይወደድም፤ መምህርዎን ይጠይቁ። ጥቅስ ሲያስገቡም፣ ከምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓቶች ኤፒኤ ስም፣ ዓመትና ገጽ፣ ኤምኤልኤ ደግሞ ስምና ገጽ ይፈልጋል፤ ሁለቱን አያደባልቁ።

ከማስረከብዎ በፊት ቴሲሱንና የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ በሌላ ወረቀት ይገልብጡ። ተያይዘው ሲነበቡ ሙግቱ ከተሰማዎት ጽሑፉ ቆሟል። ካልተሰማዎት፣ ኮማና ፊደል ከመልቀምዎ በፊት የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ያስተካክሉ።