አንበሳውስ ልክ ነው፣ ግን 720 ነው ወይስ 707?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ አውሮፕላን ጥገና ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለልደቱ ሞዴል አውሮፕላን ልገዛለት ስፈልግ አንድ ሰው ጋ አገኘሁ። የድሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ አራት ሞተር አለው፣ አፍንጫው አጠገብ አንበሳ ተሥሎበታል። ሻጩ «ቦይንግ 720 ነው፣ የመጀመሪያው ጄታችን» ብሎ ዋጋውን ሰቀለብኝ። ማቆሚያው ላይ 1:200 ይላል። በማስመሪያ ስለካው ከአፍንጫ እስከ ጭራ 23 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ሆነ። ልግዛው? ደግሞስ አየር መንገዶች እንስሳ የሚሥሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ለካሽው። መልሱ ያለው ማስመሪያሽ ላይ ነው።

1:200 ማለት የሞዴሉ አንድ ሳንቲ ሜትር የእውነተኛው አውሮፕላን ሁለት ሜትር ነው ማለት ነው። ቦይንግ 720 ርዝመቱ 41 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሞዴሉ እንግዲህ 21 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ያንቺው 23 ካለፈ፣ የ707-320 ልክ ነው። ክንፉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኪው፤ 720 ከሆነ 20፣ 707 ከሆነ 22 ይመጣል።

ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ 720 የ707 ታናሽ፣ ቁመቱ አጠር ያለ ነው። አየር መንገዳችን ሁለቱንም አብርሯል። ስለዚህ ያየሽው የፈጠራ አውሮፕላን አይደለም። ግን «የመጀመሪያው ጄት» ለሚለው ስም ተጨማሪ ብር እንዳትከፍዪ። ያ ክብር እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የገባው የ720 ነው። የልደታ ማረፊያ ለጄት አልበቃ ብሎ ቦሌ የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው። አባትሽ ደግሞ የጥገና ሰው ናቸው፤ ካርቶኑን እንደከፈቱ ልዩነቱን ያውቁታል።

ቀጥሎ አንበሳውን እዪው። አጉሊ መነጽር ያዢና ጋማው ላይ አተኩሪ። ጥሩ ሥራ ከሆነ መስመሩ ጥርት ይላል፣ ቀለሙ ከጠርዙ አይፈስም። ጥፍርሽን ቀስ አድርገሽ በምስሉ ጠርዝ አሳልፊ። ጠርዙ ጥፍርሽን ከያዘው፣ ቆይቶ የተለጠፈ ስቲከር ሊሆን ስለሚችል አጥብቀሽ ጠይቂ። ግራና ቀኙንም አስተያዪ። አንዱ ጎን ላይ አንበሳው ዝቅ ብሎ ሌላው ላይ ከፍ ካለ እኔ አልገዛውም።

እንስሳውን ለምን እንደሚወዱት ለጠየቅሽኝ፣ ከሩቅ ስለሚታወቅ ነው። እኔ ጎሮ ነኝ። ማታ ዝቅ ብለው ወደ ቦሌ ሲወርዱ ስማቸው አይነበብም። የጭራ መብራታቸው ከበራ ግን የሉፍታንዛን ወፍ ከግብፅ አየር መንገዱ ሆረስ፣ ከጭልፊቱ አምላክ፣ ትለያለሽ። የሉፍታንዛው ክሬን የሚባለው አንገተ ረጅም ወፍ ነው። ኦቶ ፊርለ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 የሣለው ሲሆን ከሉፍታንዛ በፊት ለነበረ ሌላ ኩባንያ ነበር። አሜሪካ ያለው ፍሮንቲየር ደግሞ በየአውሮፕላኑ ጭራ ላይ የተለያየ እንስሳ ይሥላል።

ለሰብሳቢ ትልቁ ጥቅም ግን እንስሳው ዘመን መናገሩ ነው። የኳንታስ ካንጋሩ እ.ኤ.አ. በ1947 ክንፍ አወጣ፣ በ1984 ክንፉ ተነሣ። ባለክንፍ ካንጋሩ ካየሽ ወይ የድሮ ነው ወይ የመታሰቢያ ቀለም ነው። የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ ጭራ ላይ የነበረችው ስፕሪንግቦክ፣ ያቺ ዘላይ ሚዳቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሰንደቅ ዓላማው ቀለሞች ቦታዋን ለቀቀች። የጃፓን አየር መንገዱ ቀይ ክሬን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ቀስ በቀስ ጠፍቶ በ2011 ተመለሰ። ስትመለስ ጃፓን ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል እላለሁ፤ ከዚያች ወፍ የሚያምር ጭራ አላየሁም። እንግዲህ አንድ ሰው አንበሳውን ድሪምላይነር አፍንጫ ላይ ለጥፎ «የድሮ፣ ብርቅ» ቢልሽ ተነሥተሽ ሂጂ። ድሪምላይነር እኛ ጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ከገዛሽው አያያዙን ልንገርሽ። አራብሳ በበጋ አቧራው አይጣል ነው። ባለመስታወት ቡፌ ውስጥ ይግባ፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ግን ይራቅ፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። አቧራውን ለስላሳ የመኳኳያ ብሩሽ ያነሣዋል። አልኮል እንዳታስነኪው። ስታነሺው ሆዱን ያዢ፤ ክንፉንና ጎማውን ይዘው የሚያነሡት ናቸው የሚሰብሩት።

እና ልግዛው ላልሽው፣ መጀመሪያ ለአባትሽ ሻይ እያቀረብሽ እንደዋዛ ጠይቂያቸው፦ በእጃቸው የነኩት የትኛውን ነበር? 707 ካሉሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሻጩ ጋ ሂጂና በ707 ዋጋ ተደራደሪ። 720 ካሉሽ 21 ሳንቲ ሜትር ገደማውን እስክታገኚ ታገሺ።