ሞተር ይዞ ከስፔን ወደ ሞሮኮ በፌሪ መሻገር

ወንድሜ፣ የጓደኛህን ሞተር ይዘህ ከጀርመን በስፔን በኩል ሞሮኮ መግባት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ባሕሩ እንዳስፈራህና የትኛው ወደብ እንደሚሻልም ጠይቀሃል። በዚህ መስመር ሞተር ይዤ ስለተሻገርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ባሕሩን ተወው። ጠባቡ ቦታ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሞተሩ የጓደኛህ መሆኑ ነው። የሞሮኮ ጉምሩክ ሞተሩን በጊዜያዊነት ነው የሚያስገባው፤ ታርጋው ካንተ ፓስፖርት ጋር ተያይዞ ይመዘገባል፣ ወረቀት ይሰጥሃል፣ ስትወጣም አብሮህ መውጣት አለበት። ተበላሽቶብኝ ነው፣ እዚሁ ትቼው በአውሮፕላን ልመለስ ብትል ኤርፖርት ላይ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ። ሞተሩ እዚያ ሊቆይ የሚችለው ቢበዛ በዓመት ስድስት ወር ነው። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ የባለቤቱን ውክልና ይጠይቁሃል፣ "ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ" ብሎ ነገር አይሰራም። ውክልናው ኖታሪ (ሰነድ የሚያረጋግጥ ባለሙያ) ፊት የተፈረመ ይሁን፣ ታርጋውና የሻሲ ቁጥሩ ይጻፍበት፣ በፈረንሳይኛ ቢሆን ደግሞ ትገላገላለህ። ሊብሬውንም ኦርጅናሉን ያዝ። ካርኔ የሚባለው የተሽከርካሪ የጉምሩክ ዋስትና ሰነድ ግን ለሞሮኮ አያስፈልግም፣ እሱ የግብፅ ጣጣ ነው።

ግሪን ካርድህ (የሞተሩ ኢንሹራንስ በየትኞቹ አገሮች እንደሚሠራ የሚያሳየው ወረቀት) ላይ የሞሮኮ ሳጥን አለመሰረዙን እይ። ከተሰረዘ ወደቡ ላይ የድንበር ኢንሹራንስ ትገዛለህ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዝክ የሞሮኮ ቪዛ ቀድመህ አውጣ፤ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ቪዛውን አይተካም። ለመመለስ ግን እሱ ያስፈልግሃልና ቀኑ እዚያ እያለህ እንዳያልፍ።

ወደ ወደቡ ስንመጣ፣ ከስፔኑ የታሪፋ ወደብ የሚነሳው ፈጣኑ ፌሪ በአንድ ሰዓት ገደማ ሞሮኮ፣ ታንጀር ከተማ ውስጥ ያወርድሃል። ደስ ይላል፣ ግን ሌቫንቴ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ጉዞው ይሰረዛል። ከሌላው የስፔን ወደብ ከአልጄሲራስ ታንጀር ሜድ ወደሚባለው የሞሮኮ ወደብ የሚሄዱት መርከቦች ትልልቅና ብዙ ናቸው፣ ወደቡ ግን ከታንጀር ከተማ 40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እኔ ብሆን አልጄሲራስን ነው የምመርጠው፣ ነፋስ ስጠብቅ መዋል አልወድም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 አውሮፓ ያሉ ሞሮኮዎች በመኪና ወደ አገራቸው ስለሚጎርፉ ወረፋው ሌላ ነው። ሞተረኛን ብዙ ጊዜ ወደፊት ያሳልፉታል፣ ቢሆንም በዚያ ወቅት ባትሄድ ይሻላል።

መርከቡ ውስጥ ስትገባ ቀስ በል። መወጣጫው ብረት ነው፣ ውሃና ዘይት አያጣውም፣ የፊት ፍሬን በድንገት ከያዝክ መሬት ላይ ነህ። አንደኛ ማርሽ አስገብተህ በጎን ማቆሚያው አቁመው። የፊት ፍሬኑን እጀታ በቀበቶ ጠፍረህ እሰረው። ሠራተኞቹ ማሰሪያ ይኖራቸዋል፣ ግን አንዳንዱ ያረጀና የቆሸሸ ስለሆነ የራስህን ሁለት ጠንካራ ማሰሪያ ብትይዝ ይመረጣል፤ ወንበሩን እንዳይልጠው ከሥሩ ጨርቅ አድርግ። አላርም ካለው አጥፋው፣ መርከቡ በተወዛወዘ ቁጥር ይጮሃል። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ጃኬት፣ ሁሉንም ይዘህ ውጣ፣ ጉዞ ከተጀመረ በኋላ ታች መውረድ አይፈቀድም። አንዳንዱ መርከብ ላይ የሞሮኮ ፖሊስ እዚያው ተቀምጦ ፓስፖርት ይመታል። ገና ስትሳፈር ጠይቅ፣ ማህተም ሳይኖርህ ብትወርድ ወደ መርከቡ መልሰው ነው የሚልኩህ።

ድሮን ካለህ ቤትህ ተወው፣ ሞሮኮ ማስገባት ክልክል ነው። ወደቡ ላይ "ወረቀትህን ላስጨርስልህ" የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዩኒፎርም ከሌላቸው ፈገግ ብለህ እለፍ። በአውሮፓ የሙቀት ወራት የስፔንና የሞሮኮ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይለያያል፣ የመመለሻ ቲኬትህ ላይ ያለው የሞሮኮ ሰዓት ነው።

ስፔን ድረስ መንዳቱ ከከበደህ ከጣሊያን ጄኖቫም ወደ ታንጀር ሜድ መርከብ አለ፣ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። እሱን ከመረጥክ ካቢን ያዝ፣ ወንበር ላይ ሁለት ሌሊት አይታደርም።