ጉርሻ የሌለበት አገር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ለካይዘን ሥልጠና ሦስት ሳምንት ጃፓን እንድሄድ ተመርጫለሁ፤ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ፈጣኑን ባቡርና ፎቁንማ በቪዲዮ አይቻለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ የዕለት ተዕለቱ ነገር ነው። እርስዎ ሄደው እንደነበር እዚሁ አምድ ላይ አንብቤያለሁ። መጀመሪያ ምን ገረመዎት? ምንስ አሳፈረዎት? ለሚቀበሉኝ ሰዎችስ ምን ይዤ ልሂድ?
ት. ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ያሳፈረኝን ላስቀድም።

ቶኪዮ በገባሁ በአራተኛው ቀን አሠልጣኞቻችን እራት ጋበዙን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ሳይሰለቹ ሲያስረዱኝ የዋሉ ናቸው። ገና ስንተዋወቅ “ኢትዮጵያ” ስላቸው “አቤቤ!” ብለው እጄን የጨበጡኝ እሳቸው ነበሩ። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማራቶኑን ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ልጅ ነበሩ፤ ከውድድሩ በኋላ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያዩትን በእጃቸው እያሳዩ አጫወቱኝ። እንዲህ ላለ ሰው ፍቅርሽን በምን ትገልጪያለሽ? ቾፕስቲክ በሚሉት መመገቢያ እንጨት እንደምንም ታግዬ ትልቋን የዓሣ ቁራጭ አነሣሁና “በሞቴ!” አልኳቸው፣ በአማርኛ። እሳቸውም ሳያስቡት በራሳቸው እንጨት ሊቀበሉኝ ዘረጉ። ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ግን እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቶሎ ብለው ሳህናቸውን አቀረቡልኝ፤ ዓሣዋን እዚያ ላይ አኖርኳት። ማዕዱ ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ ሳቁ፤ እኔም ምን እንደሚያስቅ ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ።

ነገሩን በማግስቱ ያስረዳችኝ አስተርጓሚያችን ናት። እዚያ አገር አስከሬን ይቃጠላል። ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ የተረፈውን አጥንት በእንጨት እየለቀመ ወደ ማሰሮ ይከታል፤ አንዱ ለሌላው በእንጨት ያቀብላል። ስለዚህ ማዕድ ላይ ከእንጨት ወደ እንጨት ምግብ መቀባበል ሙት መጥራት ነው። እንጨቱን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልም ነውር ነው፤ ለሞተ ሰው የሚቀርበው ሩዝ እንደዚያ ነውና። እኔ ጉርሻ ብዬ የዘረጋሁት ለሽማግሌው ለቅሶ ቤት ሆኖባቸዋል።

ልብ በይ፣ ማንም “ተው” አላለኝም። ከሁሉ የከበደኝም ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ስትሳሳቺ የማታውቂያቸው እናት እንኳ ከመንገድ ማዶ “አንቺ ልጅ!” ይሉሻል። እዚያ ዝም ነው። ባቡር ውስጥ እናቴ ደወለችልኝና “እማዬ በልቻለሁ! አዎ፣ ልብስ ደርቤያለሁ!” እያልኩ ሁለት ፌርማታ ተጓዝኩ። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ስልክ አታውሩ የሚለውን ሥዕል ያየሁት ልወርድ ስል ነው። ሰዓታቸው ከእኛ በስድስት ይቀድማል፤ ቤተሰብሽ መኝታ ክፍልሽ ስትገቢ እንዲደውሉ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ሌላው የቆሻሻ ነገር ነው። ኡኤኖ መናፈሻ ሙዝ በላሁና ልጣጩን የምጥልበት ስፈልግ አሳኩሳ ድረስ በእግሬ ደረስኩ። መጣያ የለም፤ ግን መሬቱ ላይ አንድ ወረቀት አላየሁም! በ1987 ዓ.ም. መጋቢት የቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሳሪን የሚባል መርዝ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ለጥንቃቄ ሲባል ከየቦታው መጣያ ተነሥቷል። ሰዉ ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። እኔም ልጣጬን ኪሴ ከትቼ ሆቴሌ አደረስኳት። ቦርሳሽ ውስጥ ፌስታል አይጥፋ።

የገንዘቡም ጉርሻ የለም። ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው የወጣሁትን ሳንቲም አስተናጋጇ መንገድ ድረስ ሮጣ፣ ጎንበስ ብላ መለሰችልኝ። የረሳሁት መስሏታል።

በቀረው አትጨነቂ። ጫማ አውልቆ መግባት፣ እጅ መንሣት፣ ዕቃ በሁለት እጅ ማቀበል፣ ይህን ሁሉ ከእናትሽ ቤት ይዘሽው ትሄጃለሽ። እጅ በመንሣት እንኳ እኔ ከእነሱ አላነስኩም፤ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግን እስከ መጨረሻው አልገባኝም።

ስጦታ ላልሽው ቡና ውሰጂ፣ ቆልተሽና ፈጭተሽ። የእኛን ቡና እዚያ “ሞካ” እያሉ ይሸጡታል፤ በየመኑ ወደብ ስም መሆኑ ነው። አንድ ቡና ቤት “ሞካ ሲዳሞ” የሚል ሲያነቡልኝ የእኛ መሆኑን ለማስረዳት ካርታ መሣል አማረኝ። አንቺ ስትሰጪ ከየት እንደሆነ ጻፊበት። ፊትሽ ላይ ካልከፈቱት አትቀየሚ፤ እኛስ መቼ እንከፍታለን?

ጫማሽ ደግሞ ማሰሪያ የሌለው ይሁን፤ በቀን አሥር ጊዜ ታወልቂዋለሽ። ካልሲ አዲስ ግዢ። የእኔ የግራ አውራ ጣት ቶኪዮን ከእኔ ቀድሞ ነው ያያት።