ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም፦ የፊዚክስ ተማሪ በአማርኛ ሲያስብ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፊዚክስን የምንማረው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገሩ ሲከብደን መምህራችን በአማርኛ ያብራሩልናል፤ እኛም ስናጠና የምንከራከረው በአማርኛ ነው። ታዲያ ፎርስን አንዱ ‹ኃይል› ሲለው ሌላው ‹ጉልበት› ይለዋል። ኢነርጂም አንዴ ኃይል፣ አንዴ ጉልበት፣ አንዴ አቅም ይሆናል። ፓወርም ያው ‹ኃይል› ነው። ትክክሉ የቱ ነው? ሁለተኛ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጭነት በማውረድ የሚተዳደሩ አጎት አሉኝ። ‹ኩንታል ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ የሄደ ሰው ሥራ አልሠራም› የሚለውን ከደብተሬ ባነብላቸው በጣም ተቆጡ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሦስተኛ፣ ‹ክብደት በኪሎ አይነገርም› ተብለናል፤ ገበያተኛው ሁሉ ተሳስቷል ማለት ነው? በመጨረሻም ‹ኃይል› የሚጻፈው በየትኛው ‹ሀ› ነው?»

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያው ልጀምር። እኔ ፎርስን ኃይል፣ ኢነርጂን ጉልበት፣ ፓወርን አቅም ማለትን እመርጣለሁ። በአማርኛ በተዘጋጁ የታችኛው ክፍል የፊዚክስ መማሪያዎች «ሥራ፣ ጉልበትና አቅም» የሚል ምዕራፍ አይተሽ ይሆናል፤ ምርጫዬ ከዚያ ጋር ይስማማል። ፎርስን ጉልበት፣ ኢነርጂን አቅም፣ ፓወርን ኃይል የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። እነሱም የራሳቸውን ሥርዓት እስከ መጨረሻው ከጠበቁ አንባቢ አይሳሳትም። ተማሪን የሚያሳስተው ሁለቱ ሥርዓት በአንድ ደብተር፣ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደባለቅ ነው።

ምርጫዬን ያገኘሁት ቃላቱ በአፋችን ላይ ከሚጎዳኟቸው ግሦች ነው። «በኃይል ገፋው»፣ «በኃይል ጎተተው»፣ «በሩን በኃይል ዘጋው» እንላለን። መግፋትና መሳብ ባለበት ሁሉ «በኃይል» ይከተላል፤ ፊዚክስም ፎርስ የሚለው መግፋትንና መሳብን ነው። ጉልበት ግን ሌላ ግሥ ይወዳል፦ «ጉልበቴ አለቀ»፣ «ጉልበቱን ጨረሰ»፣ «ጉልበትህን ቆጥብ»፣ «ጉልበቱን ሸጦ ያድራል»። ጉልበት ያለው ሰው ያጠራቅመዋል፣ ያወጣዋል፣ ለሌላ ይሰጠዋል። ኢነርጂም እንዲሁ አንድ አካል የሚይዘው፣ የሚያወጣው፣ ለሌላ አካል የሚያስተላልፈው ነገር ነው። «በጉልበት ቀማው» የሚል አነጋገር እንዳለ አልዘነጋሁም፤ እዚያ ላይ ግን የሚነገረው ስለ ግዴታ እንጂ ስለ መግፋትና መሳብ አይደለም።

ልዩነቱ የቃል ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጨነቅለትም ነበር። «ይህ ድንጋይ ኃይል አለው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ መረዳት ይከብደዋል። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ያስቀመጠው ሕግ፣ አንድ አካል በሌላው ላይ ኃይል ሲያሳርፍ ሌላውም በእሱ ላይ እኩልና ተቃራኒ ኃይል ያሳርፋል ይላል። እንግዲህ ኃይል በሁለት አካላት መካከል የሚሆን ነገር ነው፤ አንዱ ብቻውን በኪሱ የሚይዘው አይደለም። ከጦሳ ተራራ አፋፍ ላይ ያለ ቋጥኝ «ኃይል አለው» አትበይ፤ ከፍ ብሎ በመቀመጡ ያገኘው ጉልበት ነው ያለው። ሲንከባለል ያ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል፤ ከታች ካለው ነገር ጋር ሲጋጭ ደግሞ በዚያ ነገር ላይ ኃይል ያሳርፋል። «አለው» ለጉልበት፣ «ያሳርፋል» ለኃይል፦ ይህችን ብቻ ብትጠብቂ ግማሹ ግርታ ይጠፋልሻል።

ወንፈል በሚታወቅበት አገር ለምታድጊ ልጅ የጉልበትን ጠባይ ማስረዳት አይከብድም። አንዱ ገበሬ ለሌላው «ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርማለሁ፣ በአጨዳ ጊዜ አንተ የእኔን ታጭዳለህ» ይለዋል። መልኩ ከአረም ወደ አጨዳ ቢለወጥም የተሰጠው ጉልበት ተቆጥሮ ይመለሳል። የጉልበት ጥበቃ ሕግም ጉልበት ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም ይላል። ይህንኑ «ኃይል አይጠፋም» ብለሽ ብትጽፊው ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል፤ ገፍተሽ የተውሽው በር ላይ ያሳረፍሽው ኃይል እጅሽን ስታነሺ ወዲያው ያበቃል።

አቅም የግእዝ ሥር ያለው ቃል ነው፤ ዐቅም መጠን፣ ልክ፣ ወሰን ማለት ነው። «አቅሜ አይፈቅድም»፣ «ከአቅም በላይ ነው» ስንል ልክን እየተናገርን ነው። ፓወርም ልክ ነው፦ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ሥራ ይሠራል? ሁለት ሸካሚዎች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎግራም ጆንያ 3 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፎቅ አወጡ እንበል። የራሳቸውን ሰውነት ክብደት ለጊዜው እንተወው። ጆንያውን ምድር የምትስብበት ኃይል 50 ሲባዛ በ9.8 (ምድር እያንዳንዱን ኪሎግራም በ9.8 ኒውተን ኃይል ትስባለችና)፣ ማለትም 490 ኒውተን ነው። በ3 ሜትር ስናባዛው የተሠራው ሥራ 1,470 ጁል ይሆናል። ይህ ለሁለቱም እኩል ነው። አንደኛው በ10 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ30 ሰከንድ ቢጨርስ የመጀመሪያው አቅም 147 ዋት፣ የሁለተኛው 49 ዋት ነው። ጆንያው ያገኘው ጉልበት አንድ ሆኖ የተሸካሚዎቹ አቅም ተለያየ። ሁለቱንም «ኃይል» ብንላቸው ይህን በምን አፍ እንናገረው ነበር? በዜና ላይም የግድቦች ነገር ሲነሳ «ይህን ያህል ሜጋዋት የማመንጨት አቅም» ሲባል ትሰሚያለሽ፤ አነጋገሩ ትክክል ነው፤ ሜጋዋት የአቅም መለኪያ ነውና።

ከዚህ አከፋፈል ያፈነገጡ ሁለት የቆዩ አነጋገሮች አሉ። አንደኛው «የፈረስ ጉልበት» ነው። በቦርከና ወንዝ ዳር ለመስኖ የሚያገለግል ፓምፕም ሆነ የወፍጮ ሞተር «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት» ተብሎ ይሸጣል፤ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ስለሆነ የሚለካው በእርግጥ አቅም ነው። ሁለተኛው «የኤሌክትሪክ ኃይል» ነው፤ በተቋም ስም ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሁለቱንም ለመቀየር አልደክምም። ሰው ሁሉ የተግባባበት ስም እንደ ስም ይቆይ፤ አንቺ ግን ስትሰሚው የትኛው መጠን እንደሆነ ለዪ።

በተቃራኒው አጥብቄ የምቃወመው «ኪሎዋት በሰዓት» የሚለውን ነው። በብዙ ጽሑፍና ንግግር የመብራት ፍጆታ በዚህ ስም ይጠራል። «60 ኪሎሜትር በሰዓት» ስንል በእያንዳንዱ ሰዓት 60 ኪሎሜትር ማለታችን ነው፤ ኪሎሜትሩን ለሰዓቱ አካፍለናል። የመብራት ቆጣሪ ግን ኪሎዋትን በሰዓት ብዛት ያባዛል። 3 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ 2 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው፤ ስለዚህ የምንከፍለው ለተጠቀምነው ጉልበት ነው። ስህተቱ የመጣበት መንገድ አይገርመኝም፤ «ሲባዛ በ» ስንልም «በሰዓት» ስንልም ያው አንድ «በ» ነው የሚያገለግለን፤ በሒሳብ ማካፈልን «ሲካፈል ለ» እያልን በፍጥነት ላይ ሲደርስ «በ» እንላለን። «ኪሎሜትር በሰዓት» ሥር ስለሰደደ አይነቀልም። የሚባዙትን አሃዶች ግን ያለ «በ» አከታትለን እንጥራቸው፦ ኪሎዋት ሰዓት፣ ኒውተን ሜትር።

ወደ አጎትሽ ልምጣ። ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ጎዶሎ ነው። በቋንቋችን «ሥራ ሠራ» ለሚለው ግሥ ባለቤቱ ሰው ነው። በፊዚክስ ግን ሥራ የሚሠራው ኃይሉ ነው፤ የሚሠራውም በአንድ በታወቀ አካል ላይ ነው። ኃይሉ ባረፈበት አቅጣጫ ያ አካል ሲንቀሳቀስ፣ ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ ሥራ ይባላል። «ሰውየው ሥራ አልሠራም» ስትያቸው የቀን ውሏቸውን የካድሽባቸው ይመስላቸዋል። እንዲህ ብለሽ አንብቢላቸው፦ «ሸካሚው ኩንታሉን ደግፎ ለመያዝ ወደ ላይ ያሳረፈው ኃይል፣ ሜዳ ለሜዳ በተሄደ ጊዜ በኩንታሉ ላይ ሥራ አልሠራም።» ኃይሉ ወደ ላይ ነው፣ ጉዞው ወደ ጎን ነው፤ ኩንታሉ ከፍም ዝቅም አላለም። ኩንታሉን ከመሬት አንስተው ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉት ግን ሥራ ተሠርቷል፤ መኪና ላይ ሲጭኑትም እንዲሁ። ላባቸውና ድካማቸው ከየት መጣ ካሉሽም መልስ አለሽ፦ ጡንቻ ሸክም ይዞ ባለበት ቢቆም እንኳ ውስጡ እየተኮማተረና እየላላ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ያወጣል፤ ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጉልበታቸው በእርግጥ አልቋል፤ ወደ ኩንታሉ ግን አልገባም። «ማን ሠራ፣ በምን ላይ ሠራ» ሳይባል የተጻፈ «ሥራ» ሁሉ እንዲህ ያጣላል።

ገበያተኛው አልተሳሳተም። ባቲ ላይ ጤፍ የሚሸጥ ሰው «ክብደቱ 100 ኪሎ ነው» ሲል፣ ማወቅ የሚፈልገው ስንት ያህል ጤፍ እንዳለ ነው። ይህን መጠን ፊዚክስ መጠነ ቁስ ይለዋል፤ ግዝፈት የሚሉትም አሉ። ለክብደት ግን ፊዚክስ የሰጠው ትርጉም ምድር ያንን ቁስ የምትስብበት ኃይል ነው፤ ስለዚህ በኒውተን ይለካል፦ የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት 980 ኒውተን ገደማ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ስበት ሲለወጥ ነው። ያው ኩንታል ጨረቃ ላይ 162 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ጤፉ ግን አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። በሚዛኖቹም ዘንድ ልዩነት አለ። ባለሁለት ሳህኑ ሚዛን ጤፉን ከሚዛን ድንጋይ ጋር ስለሚያስተያይ ጨረቃ ላይም 100 ኪሎውን 100 ኪሎ ይለዋል። ባለሞላው ሚዛን ግን የሚያነበው ሞላው የተሳበበትን ኃይል በመሆኑ 16 ኪሎ ተኩል ገደማ ብሎ ያሳያል። በገበያ «ክብደት» በኪሎ ይነገር፣ በፊዚክስ ክፍል በኒውተን፤ አንድ ቃል በሁለት ቦታ ሁለት ሥራ መያዙ ነውር የለበትም።

ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፤ ከክብደትም የባሰ ተማሪ የሚያሳስት ቃል ነውና። «ሙቀት» ስንል ሁለት ነገር እንጠራለን፦ ቴርሞሜትር የሚያነበውን ዲግሪና ከሞቃት ነገር ወደ ቀዝቃዛ ነገር የሚተላለፈውን ጉልበት። ለመለየት ሲባል ዲግሪው «መጠነ ሙቀት» ወይም «የሙቀት መጠን» ተብሏል። ስሙን እጠቀምበታለሁ፤ ግን በጣም አልወደውም፤ የሙቀት ብዛትን የሚናገር ይመስላልና። ጀበናው ውስጥ ያለው ቡናና ገና ወደ ሲኒው የተቀዳው ቡና ዲግሪያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም እስኪበርዱ ድረስ ለአየሩ የሚሰጡት ሙቀት ግን እኩል አይደለም፤ የጀበናው በብዙ ይበልጣል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ በማለቷ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሪበት ሙቀት እየገባ ይቀጥላል፣ መጠነ ሙቀቱ ግን ከዚያ አያልፍም፤ የሚገባው ጉልበት ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል።

«ፍጥነት»ም እንዲሁ ሁለት ሥራ ይዟል፤ ስፒድንም፣ አቅጣጫ የሚቆጠርበትን ቬሎሲቲንም እንጠራበታለንና ቶሎ ልለፍበት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አውቶቡሱ በ30 ኪሎሜትር በሰዓት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢታጠፍ፣ ተሳፋሪው «ፍጥነቱ አልተለወጠም» ይላል፤ እውነት ነው። አቅጣጫው ግን ተለውጧል፤ በፊዚክስ የአቅጣጫ ለውጥ ራሱ ፍጥንጥነት (አክስለሬሽን) ነው። ስለዚህ በደብተርሽ አቅጣጫ የተቆጠረበትን ሁሉ «አቅጣጫ ያለው ፍጥነት» ብለሽ ጻፊ፤ ይረዝማል፣ ግን አያሳስትም።

የፊደሉ ጉዳይ አጭር ነው። ቃሉ በግእዝ ኀይል ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። በአማርኛ ጽሑፍ የተለመደው ኃይል ነው፤ እኔም የምጽፈው እንዲሁ ነው። ሃይል፣ ሀይል ብለው የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ትርጉም አይዛባም። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዢ፤ «ሥራ» እና «ስራ» ላይም እንዲሁ አድርጊ።