ጠይቁን፦ ለወንጭፍ የሚሆን ላስቲክና ጠጠር

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱንን የወንጭፍ ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቻችን አብዛኞቹ ላስቲኩን ሲያማርሩ ስለሚወረውሩት ነገር ምንም አይሉም፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ (ከሹም አቦ)፦ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ የሠራሁት ወንጭፍ ሲለጠጥ በጣም ይከብዳል፤ ጠጠሩ ግን ሩቅ አይሄድም። ስለቀው ደግሞ ጠጠሩን የሚይዘው ቆዳ ተመልሶ ባላውን የያዝኩበትን ጣት ይገርፈኛል። ላስቲኩን ድርብ ላድርገው?

መልስ፦ አይጨምሩበት፤ ይቀንሱለት። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከመነዳሪ አብዛኛው ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ነው። ቡቲል አየር ስለማያሾልክ ለጎማ ተመራጭ ቢሆንም ለወንጭፍ ሰነፍ ነው፤ ተለጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይሰበሰባል። ሰፋ አድርገው ሲቆርጡት ደግሞ ጉልበቱ የራሱን ክብደት በመጎተት ያልቃል። እጅዎ የሚደክመው፣ ጠጠሩም የማይርቀው ለዚህ ነው። ከጎሚስታ ሌላ ሲለምኑም የባጃጁን ትተው እንደ አሁኑ የብስክሌቱን ይውሰዱ፤ ስስ ነው።

ርዝመቱን በግምት አይቁረጡ። ባላውን የያዘ እጅዎን ዘርግተው ከባላው እስከ ጉንጭዎ ይለኩ፤ ለአብዛኛው ጎልማሳ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከመነዳሪ ደህና የሚሠራው አራት እጥፍ ያህል ሲለጠጥ ነው። 80ን ለ4 ሲያካፍሉ 20 ይመጣል፤ በየጫፉ ለማሰሪያ 2 ሲጨምሩ እያንዳንዱ ላስቲክ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ በባላው በኩል 2፣ በቆዳው በኩል 1.2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እየጠበበ ይሂድ፤ በቆዳው በኩል የቀለለ ላስቲክ ይፈጥናል። ነርሶች ደም ሲቀዱ ክንድ የሚያስሩበት ጠፍጣፋ ላቴክስ ካገኙ ደግሞ ከመነዳሪውን ይርሱት። እሱ አምስት እጥፍ ስለሚለጠጥ 20 ሴንቲ ሜትር ከነማሰሪያው ይበቃል፤ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ላቴክስ ሁለቱንም ላስቲክ ያወጣል።

ሲቆርጡ መቀስ ይተዉ። መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ አንጥፈው፣ የብረት ማስመሪያ ተጭነው፣ በአዲስ ምላጭ አንዴ ይሳቡት። ዳር ላይ የቀረች ትንሽ ጭረት ናት ላስቲክን የምትበጥሰው። በሽቦ አይሰሩት፤ ከዚያው ከላስቲኩ በቀጭኑ ሰንጥቀው እየለጠጡ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠምጥሙበት።

ጣትዎን የሚገርፈው ጠጠሩ ስለቀለለ ነው። ላስቲኩ ያጠራቀመውን ጉልበት ጠጠሩ ይዞት ካልሄደ ቆዳው ይዞት ይመለሳል። ከላይ ለለካነው ላስቲክ ከ3 እስከ 5 ግራም የሚመዝን ነገር ይስማማዋል። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ የኩሽኔታ ኳስ 2 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይቀልለዋል፤ 10 ሚሊ ሜትሩ 4 ግራም ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት 16 ሚሊ ሜትር የብርጭቆ ብይ ደግሞ 5 ግራም ይደርሳል። በጣም ከከበደ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ጠጠሩ ሲሄድ በዓይን ይታያል፣ ቶሎም ያዘቀዝቃል። የከተማችን ጥቁር ድንጋይ ስብርባሪ ለወንጭፍ አይመከርም፤ ማዕዘንና ቀዳዳ ስላለው አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቆዳውንም ይበላል። የዓሣ መረብ እርሳስም ክብደቱ ቢያጓጓም ይቅር፤ ከእጅ ወደ አፍ ገብቶ ይመርዛል፣ ውኃ ዳር የወደቀውንም ወፍ ይለቅመዋል።

ጥያቄ (ከወረታ አቅራቢያ፣ ሩዝ አምራች)፦ ልጆቹ ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚጠብቁት በጠጠር ነው። በአጨዳ ጊዜ ጠጠሩ ማጭድ ይሰብርብናል፣ ከሩዙም ጋር ይገባል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የጭቃ እንክብል። ማሳ ውስጥ ቢወድቅ በመጀመሪያው እርጥበት ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ ወፏም የምትነሳው በድምፁ ነው እንጂ በክብደቱ አይደለም።

የማሳዎን መረሬ (ጥቁር አፈር) ግን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ በጣም ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አፈር ይፈልጉ። ነፍተው ሌሊቱን ይዘፍዝፉት፤ ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ደቃቅ አሸዋ ጨምረው መዳፍ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ያሹት። 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርገው ያድበልብሉት፤ ሲደርቅ ወደ 14 ይወርዳል፣ ክብደቱም 3 ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቅርፊቱ ቀድሞ ይደርቅና እምብርቱ ሲከተል ይፈነዳል። በእሳት አይጥበሱት፤ ከተጠበሰ ጠጠር ሆነ ማለት ነው። ጥሩ የሚባለው ከደረት ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ቢለቁት የማይሰበር፣ ተወርውሮ ግንድ ሲመታ ግን ብን የሚል ነው። የጣና ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡት።

የቃጫው የገመድ ወንጭፍ ለሰፊ ማሳ አሁንም የሚተካው የለም፤ ሆኖም የእንቁላል መጠን ያለው ድንጋይ ከ100 ሜትር በላይ ስለሚሄድ መንገድና ቤት ባለበት አቅጣጫ አይወርወር።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከፋሲሎ)፦ ግቢያችን ውስጥ በኩሽኔታ ኳስ ኢላማ መለማመድ እፈልጋለሁ። እናቴ መስኮት ትሰብራለህ ብላ ከለከለችኝ።

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው። ብረት ኳስ ግንብ፣ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ አጥር ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል፤ የውኃ ፊትም ያነጥረዋል። መፍትሔው ኳሱን የሚውጥ ነገር ማዘጋጀት ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን በጎኑ አስተኛ፤ አፉ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ሁለት ድርብ አድርገህ ከላይ ብቻ አንጠልጥል። አትወጥረው፤ የተወጠረ ጨርቅ ይነጥራል ወይም ይቀደዳል፣ የላላ ግን ኳሱን ተቀብሎ ያወርደዋል። ኳሶቹም እዚያው ስለሚጠራቀሙ አትፈልግም። ከፊቱ የለስላሳ ቆርኪ በክር አንጠልጥል፤ ጠርሙስ ግን በጭራሽ። ከ5 ሜትር ጀምር፤ ከአስሩ ስምንቱን ስታገኝ ወደ 10 ሜትር ሂድ።

አያያዙ ብዙ አይደለም፦ ባላውን ወደ ጎን አጋድመው፣ ቆዳውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ እስከ አፍህ ጥግ ሳብ፣ የላይኛውን ላስቲክ እንደ መስመር ተከተል። የምትስበት ቦታ በየጊዜው ከተለያየ የላስቲኩ ጥራት አይረዳህም። ኳሱ የባላውን ቀንድ የሚመታ ከሆነ ቆዳውን ጠምዝዘህ እየያዝክ ነው፣ ወይም ሁለቱ ላስቲኮች እኩል አይደሉም።

ኳሱን ከጋራዥ ስታመጣ ጎኑ ላይ 6204 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ 8 ኳሶች አሉት። ይህ ቀላል ስለሆነ ላስቲክህን በመጀመሪያው መልስ ከሰጠነው ስፋት በሩብ ያህል አጥብበው። ኩሽኔታውን በመዶሻ ራስህ አትስበር፤ ቀለበቱ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል። መካኒኩ በጨርቅ ጠቅልሎ ይስበርልህ። ስትለማመድም መነጽር አድርግ፤ ላስቲክ በባላው በኩል ሲበጠስ የሚመጣው ወደ ፊትህ ነው።

ጥያቄ (ከዘጌ መንገድ)፦ ቆቅና ጅግራ ለማደን የትኛው ጠጠር ይሻላል? ጦጣስ ቡናችንን ስትጨርስ?

መልስ፦ በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ወንጭፍ መሣሪያ አይባልም ብሎ የሚያልፍዎ የለም። ጣናና ዙሪያው ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ ነው። ፈቃድ ላለውም ቢሆን ከ10 ሜትር ወዲያ ክንፍ ከመስበር አያልፍም፤ በአንድ ምት የሚጥለው የወፏን ጭንቅላት የመታ፣ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ብረት ኳስ ብቻ ነው። ሳይታረድ የሞተው ደግሞ በክት ነውና ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ገበታ አይቀርብም። ድካሙ ለምን?

ለጦጣ የጭቃ እንክብሉን ከተቀመጠችበት ዛፍ ግንድ ላይ ይወርውሩ። ሲፈረካከስ የሚያሰማው ድምፅ ያባርራታል።

ጥያቄ (ከሃሙሲት)፦ ለባላ የትኛው እንጨት?

መልስ፦ ወይራ ወይም ዘይቱን። የቀንዶቹ ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 5 ይሁን። ቅርፊቱን ሳይልጡ ጫፎቹን በሰም ሸፍነው ጥላ ላይ ለአንድ ወር ያድርቁት፤ ባሕር ዛፍ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከእምብርቱ ይሰነጠቃል።