አሮጌ ሲንገር ለምትገዙ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ልብስ ስፌት የጀመራችሁ ወጣቶች አሮጌ ሲንገር የስፌት መኪና ስታፈላልጉ አያለሁ። ደስ ይለኛል። የድሮ ብረት በወጉ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን ገበያ ስትወጡ ዓይናችሁ የሚያርፈው የሚያብረቀርቀው ላይ ነው። እኔ በዕድሜዬ የምጠረጥረው ደግሞ እሱን ነው።

አዲስ ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ካቻቪቴ የሚገባበትን የብሎን ስንጥቅ እዩ። ውስጡ ቀለም ካለ መኪናው ሳይፈታ ተቀብቷል። ስንጥቁ ተበልቶ ከሰፋ ብዙ እጅ ነካክቶታል።

ቀጥሎ የመለያ ቁጥሩን አንብቡ። በእጅ ከሚዞረው መዘውር አጠገብ፣ በመኪናው ወለል ቀኝ በኩል ተቀርጿል። ፊደል የሌለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ነው። በ"ኢኤ" (EA) ወይም በ"ኢቢ" (EB) የሚጀምረው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከነበረው ፋብሪካ የመጣ ነው። ያ ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ዋናው መርማሪ ግን እጃችሁ ነው። ቺንጋውን አውርዱና መዘውሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ዙሩ በሙሉ እኩል ከከበደ አትደንግጡ። ብዙ ሰው የምግብ ዘይት ይቀባዋል፤ ዘይቱ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ስጡት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከያዘ ግን፣ ክር ተወትፎ ካልሆነ በቀር፣ የተጣመመ ነገር አለ። መርፌ የሚይዘውን ዘንግ በጣታችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ከላላ ውስጡ አልቋል፤ ዘይት አያድነውም።

ሻጩ ከፈቀደ ክር ሳታስገቡ ወረቀት ስፉበት። ቀዳዳዎቹ እኩል ተራርቀው ቀጥ ካሉ ጨርቅ ጎታቹ ጥርስ ጤነኛ ነው። ይህችን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ፤ ወረቀት አይዋሽም።

"ውስጡ ቀይ ሜርኩሪ አለ" እያለ፣ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ውድ ነገር የሚሸጥላችሁ ደላላ ከገጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ይኸው ወሬ ተነዝቶ ሰው ለአሮጌ ሲንገር የማይታመን ገንዘብ ከፍሏል። ውስጡ ያለው ብረትና ዘይት ብቻ ነው።

ለእንጀራችሁ የምትገዙ ከሆነ ክብ ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠመጠምበት) ያለውን፣ በተለይ ሞዴል 15ን ምረጡ። ቦቢኑም መርፌውም ዛሬም ይመረታል። የታችኛውን ክር የሚይዝ ረጅም ማመላለሻ ያለው የጥንቱ ያምራል፤ ማመላለሻው ከጠፋ ግን ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው። እሱን ለቤት ጌጥ ለሚፈልግ ተዉለት።